ቃል አልባ ትረካ፦ ከቦ ሃንሰን ሸክላ እስከ ያሬድ ተራራ

በጎንደር ከተማ፣ ማታ ማታ ማሲንቆ በሚሰማበት ቤት የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አዝማሪው ጭራውን ስቦ የመጀመሪያውን ስንኝ ገና ሲጨርስ፣ ከበስተኋላ ያለው ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ጎንተል አድርጎ «ምን አለ?» ሲል ይጠይቀዋል። ዜማው በየት በኩል ዞረ፣ ጣቱ የት ላይ አረፈ፣ ቅኝቱ አንቺ ሆዬ ነው ወይስ ባቲ ብሎ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ ቃል ነው፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁ ያመለጠው ሰው እስኪነገረው ድረስ ዕረፍት የለውም። ይህን ስል ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም። ቅኔ በሚዘረፍበት አገር ጆሮ ለቃል መሠልጠኑ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ለዚሁ ሥልጣኔ የከፈልነው ዋጋ አለ። ያንን ዋጋ ለመመርመር ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ሸክላ ሰበብ ይሆነናል።

ሸክላው የስዊድናዊው ኦርጋን ተጫዋች የቦ ሃንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ሳይለንስ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ በስዊድን አወጣው፤ በ1972 ደግሞ ካሪዝማ የተሰኘው የእንግሊዝ ኩባንያ ከስዊድን ውጭ ላለው አድማጭ አቀረበው። መነሻው እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ያሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ድርሰት ነው። ይህ ድርሰት ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ያለው፣ የራሱ ካርታ፣ የራሱ የዘመን አቆጣጠር፣ ደራሲው ከሥሩ የፈጠራቸው ቋንቋዎችና በየምዕራፉ የሚገቡ ግጥሞች ያሉት፣ በአጭሩ ቃል የሞላበት መጽሐፍ ነው። ሃንሰን ከዚህ የቃል ጎተራ ተነሥቶ አንድም ቃል የማይነገርበት፣ አርባ ደቂቃ ያህል የሚወስድ የመሣሪያ ሙዚቃ ሠራ። ዐሥራ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም በታሪኩ ቅደም ተከተል መሠረት በአንድ ቦታ ወይም በአንድ ድርጊት ተሰይሟል። ጉዞው ከትንሿ የገበሬዎች አገር ይነሣል፤ በአሮጌው ጫካ፣ በመቃብሩ ኮረብታ ጉም፣ በጥቁር ፈረሰኞቹ አሳዳጅነት፣ በጨለማው ዋሻና በታላቁ ጦርነት በኩል አልፎ መርከብ ከሚነሣበት ግራጫ ወደብ ላይ ያበቃል።

ይህ ሥራ ፕሮግሬሲቭ ሮክ ተብሎ ከሚጠራው የሙዚቃ ዘርፍ ይመደባል። ዘርፉ በእንግሊዝና በሌላው አውሮፓ የተስፋፋው፣ ለጭፈራ ብቻ የሚሆነው የሦስት ደቂቃ ዘፈን የጠበባቸው ወጣቶች ከኦርኬስትራ ሙዚቃ፣ ከጃዝና ከባላገር ዜማ እየተበደሩ ረጃጅም ድርሰቶችን መሥራት በጀመሩ ጊዜ ነው። ከዚህም ጋር ሸክላው የተበታተኑ ዘፈኖች መሰብሰቢያ መሆኑ ቀርቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ሐሳብ የተያያዘ ድርሰት ይሁን የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሐሳቡን ለማግኘት ብዙዎቹ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያ ሄዱ። ሪክ ዌክማን የተባለው እንግሊዛዊ የዡል ቬርንን ወደ ምድር እምብርት የተደረገ ጉዞ ታሪክ ወስዶ እ.ኤ.አ. በጥር 1974 በለንደኑ ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ፣ ከመዘምራንና ከአንድ ተራኪ ተዋናይ ጋር አቀረበ። ካሜል የተባለው ጓድ ደግሞ በ1975 የፖል ጋሊኮን የበረዶ ዝይ ታሪክ ቃል በሌለው ሙዚቃ ተረጎመ።

የዌክማንን ሥራ ከሃንሰን ጋር አነጻጽሮ የሰማ ሰው ለማመን የሚያስቸግረው ነገር ይገጥመዋል። የመጀመሪያው ኦርኬስትራ፣ መዘምራንና ተራኪ አሰልፎ የሚተርከውን፣ ሁለተኛው በስቶክሆልም አቅራቢያ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ላይ በሚገኝ ቤት ውስጥ፣ ባለ አራት መስመር መቅረጫ ይዞ፣ ኦርጋኑንም ጊታሩንም ቤዙንም ራሱ እየተጫወተ፣ ሩነ ካርልሶን ከተባለው ከበሮ መቺና ዋሽንትና ሳክስፎን ከሚነፉ ሁለት ባልደረቦች ጋር የተሻለ አድርጎ ይተርከዋል። ምክንያቱ ምን ይሆን? ይህ ጸሐፊ እንደሚገምተው፣ ዌክማን ለአድማጩ ምንም አልተወለትም። ተራኪው «አሁን ወደ ባሕሩ ደረሱ» ይላል፣ ወዲያው ኦርኬስትራው ባሕር ይሆናል፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይነገራል ማለት ነው። ሃንሰን ግን ስሙን ሰጥቶ ዝም ይላል። የጉሙን ክፍል ስንሰማ ኦርጋኑ ጉም «አይመስልም»፤ አንድ አጭር ሐረግ እየደጋገመ መንገዱ የጠፋበት ሰው ደጋግሞ እዚያው ዛፍ ሥር እንደሚደርስ ያደርገናል። ሥዕሉን የሚሥለው አድማጩ ነው።

ይሁን እንጂ ሸክላው ያለ እንከን ነው ለማለት አልችልም። ከሁሉም የደከመው የጦርነቱ ክፍል ነው። በመጽሐፉ የሺህዎች ደም የፈሰሰበት ውጊያ በሸክላው ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ ከበሮው ይፈጥናል፣ ኦርጋኑ ከፍ ይላል፣ ግን የሚሞት ሰው የለም። ደግሞም አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ የክፍሎቹን ስም ከሸክላው ልባስ ላይ ብንፍቀው ታሪኩን ማን ያውቀዋል? እውነቱን ለመናገር ማንም አያውቀውም። የመጨረሻው ክፍል የስንብት መሆኑ ይሰማ ይሆናል፤ መርከብ መሆኑን ግን ከስሙ በቀር የሚነግረን የለም። ስለዚህ ቃል አልባ የተባለው ትረካ ፈጽሞ ቃል አልባ አይደለም። አድማጩ አስቀድሞ ያነበበውን መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ ሙዚቃው የሚሠራው በዚያ በተቀመጠው ዕውቀት ላይ ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ደስ የሚል ኦርጋን ይሰማል፤ ከዚያ አያልፍም።

ከዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ያለ ቃል መተረክ አይቻልም የሚል ሰው ቢኖር የሚመልስለት አለ፤ እሱም የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነው። ጌታቸው ሽለላን፣ ያውም ጀግናው ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ጦሩን ነቅንቆ ጠላቱን የሚያስፈራራበትን የድምፅ ጥበብ፣ ከሰው ጉሮሮ አውጥተው ወደ ቴነር ሳክስፎን አዛወሩት። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊሊፕስ ያሳተመላቸው ሸክላ ይህን ሙሉ በሙሉ ያሳያል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰበራል፣ እንደ ገና ይነሣል፤ ኢትዮጵያዊ አድማጭ የክፍሉን ስም ሳያነብ አንድ ሰው ለሞት እየተዘጋጀ መሆኑን ያውቃል። እዚህ ላይ «ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ የፓንክ ሮክ ጓድ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን ሲያወጡ፣ የጊታሩ ጩኸትና የሽለላው ጩኸት አንድ ቤት የተወለዱ ያህል ተስማምተው ተገኙ። ሃንሰን ለጦርነቱ ክፍል ያጣው ይህንን ነው። በስዊድን አገር አድማጭ ሁሉ በደሙ የሚያውቀው የሽለላ ወግ ስላልነበረው፣ ከበሮ ከማፍጠን ሌላ መንገድ አላገኘም። ጌታቸው በ2016 ሲያርፉ ይህን ወግ በሸክላ ላይ ትተውልን ሄደዋል።

እንግዲያውስ መሣሪያው ካለ፣ ጆሮው ካለ፣ በአንድ ታሪክ የተያያዘ ሸክላ በእኛ ዘንድ ለምን ብርቅ ሆነ? አንዱ ምክንያት ጥበባዊ ሳይሆን የገበያ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ካቋቋሙ ወዲህ የወጡት ሸክላዎች አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ ነበሩ፤ በፊት አንድ ዘፈን፣ በጀርባ አንድ ዘፈን። ትልልቁ ሸክላ እንደ ሙላቱ አስታጥቄ የ1974ቱ «የካቲት» ላሉ ጥቂት ሥራዎች ብቻ የተፈቀደ ቅንጦት ነበር። ቀጥሎ ካሴት መጣ፤ ስድሳ ደቂቃ የሚይዝ ቢሆንም ያው የለመድነውን ዘፈን አብዝቶ ከመደርደር በቀር የጊዜውን ርዝመት የተጠቀመበት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከላይ ያነሣነው «ምን አለ?» ነው። ታሪክ የሚነገር ከሆነ በቃል ይነገር እንላለን።

በቃል ሲነገርም ያምራል፤ ይህን አልክድም። ቴዎድሮስ ካሣሁን እ.ኤ.አ. በ2017 «ኢትዮጵያ» ብሎ ባወጣው አልበም ውስጥ ያለው «ማር እስከ ጧፍ»፣ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወደ ዘፈን ያመጣ ሥራ ነው። የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ስም ሲነሣ አድማጩ ልቡ የሚነካው መጽሐፉን ስለሚያውቅ ነው፤ ልክ የቶልኪን አንባቢ ሃንሰንን ሲሰማ እንደሚሆነው ማለት ነው። ልዩነቱ ዘፈኑ መጽሐፉን ያወሳል እንጂ መንገዱን አብሮ አይሄድም፤ ይህም ጉድለቱ ሳይሆን የአንድ ዘፈን ልክ ነው። መንገድ ለመሄድ አርባ ደቂቃ ያስፈልጋል።

አርባ ደቂቃ የሚያስኬድ ታሪክ ከየት ይምጣ ቢባል፣ ለጎንደር ሰው የመጀመሪያው መልስ አፄ ቴዎድሮስ ይሆናል። ለዚህ ሐሳብ በቂ ምክንያት አለው። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ በኋለኛው ዘመን ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ አገርን በፍትሕ ያስተዳድራል ሲል፣ ቋረኛው ካሣ ያንን ስም ከመጽሐፍ አንሥተው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን፣ በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑበት። ሰው ከመጽሐፍ ወጥቶ ዙፋን ላይ የተቀመጠበት እንዲህ ያለ ታሪክ በየትም አገር ጥቂት ነው። ነገር ግን በእርሳቸው ላይ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛ ጽፈዋል፤ አዝማሪው አልቅሶላቸዋል፣ ፎካሪው ፎክሮላቸዋል። ቃሉ ሞልቶ ፈሷል። ሙዚቀኛው ቢመጣ የሚያገኘው የሌሎችን ቃል ማጀብ ብቻ ነው የሚል ፍርሃት አለኝ።

ሌላ ታሪክ አለ፤ እሱም በዚያው በሰሜን ተራሮች የሚያልቅ ነው። የቅዱስ ያሬድ ታሪክ።

ወደዚህ ከመግባታችን በፊት ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። የቶልኪን መጽሐፍ ተረት ነው፤ ደራሲውም አንባቢውም ተረት መሆኑን ያውቃሉ። የያሬድ ታሪክ ግን በገድልና በስንክሳር የተጻፈ፣ በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን የሚከበር፣ ለሚያምን ሰው እውነት የሆነ ነገር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጤ አንዱን ወደ ሌላው ለማውረድ እንዳልሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ድንቅ ነገር፣ ማለትም ወፎች በሰው ቋንቋ የሚናገሩበት፣ ሰው ወደ ሰማይ ተነጥቆ የሚመለስበት ታሪክ፣ ሙዚቃ ከተራ ታሪክ ይልቅ የሚቀርበው ለመሆኑ የሃንሰን ሸክላ ምስክር ነው። ያሬድ ደግሞ በራሱ የዜማ ታሪክ ነው።

እንደሚተረከው ያሬድ በአክሱም ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ለትምህርት ተሰጠ፤ ትምህርቱ አልገባው አለ፣ ተገረፈ፣ ሸሽቶ ሄደ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር አየ። ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ወጣ። ያሬድም ተመልሶ ተማረ። ከዚያ ሦስት ወፎች ከኤዶም ገነት ተልከው መጡ፣ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ወሰዱት፣ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ ሰምቶ ተመለሰ፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ዜማዎች የመጡት በዚህ ነው ይባላል። በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደም ፈሰሰ፤ ንጉሡም አላወቀ፣ ያሬድም አልተሰማው። በኋላ ጦሩን ነቅሎ «የፈለግኸውን ለምነኝ» ባለው ጊዜ፣ ያሬድ የለመነው ወደ በረሃ ሄዶ እንዲመንን እንዲፈቅድለት ነበር። ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጸለምት ሄደ፤ እዚያም ሲያስተምርና ሲጸልይ ኖሮ ተሰወረ።

ይህን ታሪክ ለመድረክ የሞከሩት አንድ ሰው እንዳሉ ይታወቃል። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የራድክሊፍ ተቋም በተመራማሪነት ሲቆዩ፣ ክራርን በዘመናዊ ዘዴ ከማሻሻል ሥራ ጋር «የያሬድ ኦፔራ» የተባለውን ድርሰታቸውን ይዘው ነበር፤ ከፊሉም በዚያው በ2008 ለአድማጭ ቀረበ። ከሐሳቡ ጋር የሚስማማ ሰው ቢፈለግ ከእርሳቸው የተሻለ አይገኝም። የባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ጠባይ ሳያጠፉ የባለ ዐሥራ ሁለቱን የአውሮፓ ድምፅ ኅብር ሊያለብሱት ዕድሜያቸውን በሙሉ ደክመዋልና። ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም፤ እሱም ኦፔራ በሚለው ላይ ነው። ኦፔራ ከሆነ ሰው ይዘፍናል፤ ሰው ከዘፈነ አንድ ድምፃዊ ያሬድን መሆን ይኖርበታል። ያሬድ ሆኖ የሚዘምር ማን ነው? የጎንደር አድማጭ በበዓታ ለማርያም ወይም በደብረ ብርሃን ሥላሴ ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚቆሙትን መሪጌቶች ሲሰማ ያደገ ነው። ከእነዚያ ጋር የሚወዳደር የመድረክ ድምፃዊ አስቀድሞ ተሸንፏል። ከዚህም ሌላ «ምን አለ?» ተመልሶ ይመጣል። የሙላቱ ኃይል ደግሞ ከመጀመሪያም በመሣሪያው እንጂ በቃሉ አልነበረም፤ በቫይብራፎኑ ብቻ ዝም ብሎ ከመተረክ የሚከለክላቸው አልነበረም።

ቅዱሱን ዜማ ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር ማጋባት ነውር ነው የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ እኔም ክርክሩን በቀላሉ የምንቀው አይደለሁም። መፍትሔው ዜማውን ባለበት መተው ይመስለኛል። ሃንሰን በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ግጥሞች አልዘፈናቸውም፤ መንገዱን ብቻ ተጫወተ። እንደዚሁ ድጓውን ለባለቤቶቹ ትቶ፣ ዛፉን፣ ትሉን፣ ወፎቹን፣ ጦሩን፣ ዳገቱን መጫወት ይቻላል። በዚህ መንገድ አንድ ቀለም እንኳ ከድጓ ሳይነካ አርባ ደቂቃው ይሞላል።

የትሉን ክፍል እናስብ። አንድ ሐረግ በክራር ላይ ይወጣል፤ ከመድረሻው አንድ ድምፅ ሲቀረው ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይሞክራል። ሰነፍ ደራሲ እየደጋገመ ድምፁን ከማጉላት በቀር አያውቅም፤ ብልህ ደራሲ ግን እያንዳንዱን አወዳደቅ የተለየ ያደርገዋል። የአንዱ ውድቀት ከድካም ነው፣ የሌላው ከችኮላ፣ የሌላው ከትዕቢት። ሰባተኛው ሲደርስ አድማጩ ከትሉ ጋር ትንፋሹን ይይዛል። ለዚህ ምንም ቃል አያስፈልግም፤ ዳገት የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ የደባርቅና የጃናሞራ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጦሩ ክፍል ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። ጦር እግር ሲወጋ ማንኛውም ደራሲ ምን ያደርጋል? ከበሮውን ይደበድባል፣ ጸናጽሉን ያንኳኳል፣ ጊታሩን ያስጮኻል። ዌክማን ቢሆን መዘምራኑንም ይጨምር ነበር። ይህ ግን ታሪኩን አለማንበብ ነው። የታሪኩ ተአምር ጦሩ መውጋቱ ሳይሆን ማንም ሳይሰማው መውጋቱ ነው። ዜማው አላቋረጠም። ስለዚህ ደራሲው ቁስሉን አድማጩ በማያስተውልበት አኳኋን በዜማው ውስጥ ሊያስገባው ይገባል፤ አንድ የማይገባ ድምፅ፣ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ፣ ውበቱ ሳይቋረጥ ከታች በቤዙ በኩል ይገባና ይቀመጣል። አድማጩ በደስታ እየተመሰጠ ያልፈዋል። ሁለት ክፍል ካለፈ በኋላ፣ ዜማው ጸጥ ሲል፣ ያ ድምፅ አሁንም እዚያው እንዳለ ያገኘዋል። ያኔ ወደ ኋላ ያስባል፤ ከመቼ ጀምሮ ነበር? ንጉሡም ደሙን ያየው እንዲሁ ዘግይቶ ነው። ቃል ይህን ማድረግ አይችልም። ተራኪ «ወጋው» ካለ ሰማን ማለት ነው፤ ምሥጢሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ቃል አልባው ሙዚቃ ብቻ ነው ሰምተን ሳንሰማ ሊያስቀረን የሚችለው።

ከዚህ ላይ ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙበት ቦታ አለ። የቶልኪኑ ትንሽ ጀግና በጉዞው መካከል በክፉ ጩቤ ይወጋል፤ ሥራውን ፈጽሞ፣ አገሩን አድኖ ከተመለሰ በኋላም ቁስሉ አይድንም። በሰላም አገር መኖር ስለማይችል ወደ ግራጫው ወደብ ሄዶ በመርከብ ይሰወራል። ያሬድም ሥራውን ፈጸመ፣ እግሩ ተወጋ፣ ንጉሡ የፈለግኸውን ለምን ሲለው መሄድን ለመነ። አንዱ ወደ ባሕር፣ ሌላው ወደ ተራራ። ሃንሰን የመጨረሻውን ክፍል ሲሠራ ድልን አላሰበም፤ ኦርጋኑ እየራቀ፣ እየለሰለሰ ይሄዳል። በሸክላው ላይ ከጦርነቱ ይልቅ ስንብቱ የተሳካለት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ቃል የሌለው ትረካ በጎንደር እንግዳ አለመሆኑን ለማሳየት አንዲት መነኵሲት መጥቀስ ይበቃል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ በግሸን ማርያም መንነው ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ አጥንተዋል። በዚያም በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትን፣ እየለመኑ የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው፣ የምሰጠው ገንዘብ ባይኖረኝም በሙዚቃዬ እረዳቸዋለሁ ብለው ተነሡ፤ የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ። ፒያኖአቸው ብቻውን ይተርካል። በተራራ በረሃ ዋሽንቱን እየነፋ የሚንከራተተውን ቤት የለሽ ሰው፣ የነፋሱን ታሪክ፣ የባሕሩን መዝሙር ያለ አንድ ቃል ነግረውናል። ግራ እጃቸው እንደ አውሮፓ ዋልስ ይሄዳል፤ ቀኝ እጃቸው ግን በትዝታና በያሬድ መንገድ ይመለሳል። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ሥራቸውን ከአገራቸው ይልቅ የውጭ ሰው አውቆላቸው ነበር ብንል ማንንም መውቀስ አይሆንም፤ «ምን አሉ?» ለሚል ጆሮ የሚሰጡት መልስ አልነበራቸውምና።

አዲስ ነገር በጎንደር በቀላሉ አይገባም የሚሉም አሉ። የጎንደር በዓታ አለቃ የነበሩት አለቃ ገብረ ሐና ከጣና ሞገድና ከሸምበቆው መወዛወዝ አይተው የአቋቋሙን ሥርዓት አዲስ መልክ ባስያዙት ጊዜ የከተማው ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም፤ ልጃቸው ተክሌ ይዞት ወጥቶ «ተክሌ አቋቋም» ተብሎ በደብረ ታቦር ተስፋፋ ይባላል። ግን ልብ ይባል፤ አለቃ ያመጡት ቃል አልነበረም። ቃሉ ያው የያሬድ ቃል ነው። ያመጡት ውኃ እንዴት እንደሚሄድ ነው።

ስለዚህ ሸክላ፣ ወይም አሁን እንደሚደረገው በሌላ መልክ ስለሚወጣው አልበም፣ አንድ ያልቆረጥኩት ነገር ቀርቷል፤ እሱም አጨራረሱ ነው። ያሬድ ሞተ አይባልም፤ ተሰወረ ነው የሚባለው። የሰሜንን ተራራ ያየ ሰው ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ፣ አንድ ገደል እየዋጠ፣ ቀጥሎ ሌላውን እየዋጠ ሲመጣ ያውቃል፤ ፊት ለፊት የነበረው አምባ ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል። ዋሽንት ብቻውን ቀርቶ እየራቀ ቢሄድ ይበቃ ይሆን? ወይስ በዚያች በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ከታገሥን በኋላ፣ ከሩቅ፣ ቃሉ የማይለይ የአንድ ሰው ድምፅ ይሰማ? ወዳጆቼ የመጀመሪያውን ይመርጣሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ቃሉ እንዳይለይ ማድረጉ ግን ለቀጂው ቀላል ሥራ አይሆንም።